የሳር ማጨጃው በሰኔ ለምን አይነሳም?

ጎንደር ላይ የሳር ማጨጃ ማሽን ሥራው የወቅት ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ከጓዳ ይወጣል፤ ክረምቱን ግቢ ሲያጸዳ ይከርማል፤ በጥቅምትና በኅዳር ለከብቱ ድርቆሽ ያጭዳል። ከዚያ በኋላ ታንኩ ግማሽ ቤንዚን እንደያዘ ከበር ኋላ ይቆማል። ሰባት ወር ሙሉ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሰኔ ተመልሶ ሲመጣ ገመዱ ሃያ ጊዜ ይሳባል፣ ክንድ ይዝላል፣ ማሽኑ ግን ትንፍሽ አይልም። «ካርቡሬተሩ ተበላሽቷል፣ ይቀየር» የሚለው ፍርድ የሚመጣው ያኔ ነው።

ብዙ ጊዜ ፍርዱ የችኮላ ነው። ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀይጦ ለሞተሩ የሚሰጠው ካርቡሬተር አልተሰበረም፣ አላለቀም። ውስጡ የቀረው ቤንዚን ተንኖ ሙጫ ትቶበታል፣ ስስ ጎማዎቹም ደርቀዋል። ካርቡሬተርን ሥራ አይገድለውም፤ የሚገድለው መቀመጥ ነው። የተቀመጠበትን ደግሞ በአንድ ካቻቢቴና በአንድ ከሰዓት በኋላ መመለስ ይቻላል።

እዚህ የምጽፈው በትከሻ ስለሚታነገቱት ባለ ሁለት ምት ማጨጃዎች ነው፤ በተለይ ገበያውን ስለሞሉት 43 እና 52 ሲሲ የቻይና ማሽኖች። የሞተር መጋዝና የአጥር መከርከሚያ ካርቡሬተርም በመሠረቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ አብዛኛው ለእነሱም ይሆናል። በጀርባ የሚታዘለው የመድኃኒት መርጫ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ሞተር ሳይክል ተንሳፋፊ ያለው ካርቡሬተር ነው የሚይዘው፤ የእሱ አፈታት ሌላ ነው።

ካቻቢቴ ከማንሳት በፊት

መጀመሪያ ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ፍቱ። ገመዱ ሰባት ስምንት ጊዜ ከተሳበ በኋላ የወጣ ካንዴላ ብዙ ይናገራል። ጫፉ በቤንዚን ከራሰ ነዳጅ ደርሷል፣ ምናልባትም በዝቶ ሞተሩን አፍኖታል። ደረቅ ከሆነ ቤንዚኑ ከታንክ እስከ ሲሊንደር ባለው መንገድ አንድ ቦታ ቆሟል ማለት ነው። ብልጭታውን ለማየት ካንዴላውን ከኮፍያው ጋር ሰክታችሁ የብረት አካሉን ከሲሊንደሩ ክንፍ ጋር አስነኩና ገመዱን ሳቡ። ከካንዴላው ቀዳዳ ግን አርቁት፤ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን ጉም በብልጭታው ሊቀጣጠል ይችላል። በአብዛኞቹ እነዚህ ማሽኖች የካንዴላው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው።

የታፈነ ከሆነ ካንዴላውን አድርቁት፣ ቾኩን፣ ማለትም የአየር መዝጊያውን፣ ክፈቱ፣ የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ይዛችሁ ካንዴላው ሳይገባ ገመዱን አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ሳቡ። ከዚያ ካንዴላውን መልሳችሁ ያለ ቾክ ሞክሩ።

ብልጭታ ኖሮ ካንዴላው ደረቅ ከሆነ አንድ ፈተና ይቀራል። በዘይት ከተደባለቀው ቤንዚን ከሻይ ማንኪያ ግማሽ የማይበልጥ በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሩ፣ ካንዴላውን መልሱ፣ ሳቡ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ጮኾ ከጠፋ ብልጭታውም እመቃውም ደህና ነው፤ የጎደለው ነዳጅ ብቻ ነው። ጨርሶ ዝም ካለ ወደ ካርቡሬተሩ አትቸኩሉ፤ ብልጭታውን የሚያመነጨውን ማግኔቶ፣ የፒስተን ፋሻውን፣ የጭስ መውጫውን ማርሚታ እዩ። ማርሚታው ውስጥ ያለች ትንሽ የሽቦ ወንፊት በጥቀርሻ ስትደፈን ሞተሩ ቢነሳ እንኳ ጉልበት አይኖረውም፤ ስንት ካርቡሬተር በእሷ ጦስ ተፈቷል። ለዚህ ፈተና ዘይት ያልገባበት ቤንዚን አትጠቀሙ፤ የሁለት ምት ሞተር ቅባቱ ከነዳጁ ጋር ነው የሚመጣው።

ቀጥሎ የታንኩን ክዳን አላልታችሁ አስነሱት። ክዳኑ ላልቶ የሚሠራ፣ ጥብቅ ሲል ከአምስት ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኗል። ቤንዚኑ ሲወጣ በቦታው አየር ካልገባ ታንኩ ውስጥ መምጠጥ ይፈጠራል፣ ካርቡሬተሩም መሳብ ያቅተዋል። መተንፈሻውን ማጠብ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ታንኩ ውስጥ በቱቦው ጫፍ የተንጠለጠለች ከባድ ፊልትሮ አለች። ሽቦ አጥፋችሁ በታንኩ አፍ አውጧት። ጠቁራ ከጠጠረች መታጠብ አያድናትም፣ ለውጧት። ቱቦውን ራሱን በጣት አጥፉት፤ ጤነኛ ቱቦ ይታጠፋል እንጂ አይሰነጠቅም። የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ ታንኩን በሚያልፍበት አንገቱ ላይ ነው፤ ስንጥቁ ከቤንዚኑ በላይ ስለሚሆን ከውጭ ምንም አይንጠባጠብም፣ አየር ብቻ ይስባል። አንዳንድ ቦታ የግሉኮስ ቱቦ ቆርጠው ይተኩበታል። ያ ፕላስቲክ ለቤንዚን አልተሠራም፤ ማለስለሻውን ቤንዚኑ ያጥበዋል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደ ጭራሮ ይደርቃል።

ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችው የምትጫን ግልጽ ጎማ ከማንም በላይ ትመሰክራለች። ተጭና ቶሎ ካልተመለሰች ከታንክ የሚመጣው መንገድ ተዘግቷል። ብትመለስም አሥራ አምስት ጊዜ ተጭና አረፋ ብቻ ከታየባት ቱቦው ወይም ራሷ ተሰንጥቃ አየር እየሳበች ነው። ቱቦዎቹን ቀይራችሁ ከሆነ ምናልባት አቀያይራችሁ ሰክታችኋቸው ይሆናል፤ ፊልትሮ ያለበት ወደ ካርቡሬተሩ መግቢያ፣ ፊልትሮ የሌለበት ከጎማዋ ወደ ታንክ መመለሻ ነው።

ስለ ቤንዚኑና ስለ ዘይቱ

በጠርሙስ የተገዛ ቤንዚን ዘይት ሳይገባበት ሊፈተሽ ይገባል። በንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ አንድ ሰዓት አስቀምጡት፤ ውሃ ካለበት ከታች ለብቻው ይተኛል፣ መለያያ መስመሩም ይታያል። ከዚያ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። ጥሩ ቤንዚን በደቂቃዎች ተንኖ ምንም አይተውም። ቅባት መሳይ ክብ ከቀረ ላምባ ወይም ናፍጣ ተቀላቅሎበታል። እንዲህ ያለው ነዳጅ ቀዝቃዛ ሞተር አያስነሳም፣ ከተነሳም ያጨሳል፣ ጥቀርሻ ያበዛል፤ ካርቡሬተሩን አሥር ጊዜ ብታስተካክሉት የሚለወጥ ነገር የለም።

የዘይቱን መጠን በቡና ሲኒ ወይም በክዳን የሚለካ ሰው ማሽኑን በዕድል ነው የሚነዳው። ከመድኃኒት ቤት 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ግዙ። ለአንድ ሊትር ቤንዚን ሁለት ስሪንጅ ዘይት 25 ለ 1 ነው፣ አንድ ስሪንጅ ደግሞ 50 ለ 1። አብዛኞቹ የቻይና ማጨጃዎች 25 ለ 1 ይላሉ፤ የታወቁት የአውሮፓ ማሽኖች ከጥሩ ዘይት ጋር 50 ለ 1። መመሪያው የሚለውን ያዙ። ዘይቱ ለሁለት ምት የተሠራው ይሁን፤ የመኪና ሞተር ዘይት አመድና ጥቀርሻ ይተዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። «ለጥንቃቄ» ብሎ ዘይት መጨመር ማሽኑን ከመቃጠል ያድናል ይባላል። ካርቡሬተሩ ግን ዘይትና ቤንዚን ለይቶ አያውቅም፤ በቀዳዳው የሚያልፈውን ፈሳሽ ነው የሚለካው። ዘይት በበዛ ቁጥር በዚያው ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል፣ ሞተሩም ይግላል። ዘይቱን ከለወጣችሁ ካርቡሬተሩንም እንደገና ማስተካከል አለባችሁ።

ውስጡ እንዴት ይሠራል

ይህን ያልተረዳ ፈቶ ይገጥማል እንጂ አያስተካክልም፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

እነዚህ ካርቡሬተሮች ተንሳፋፊ የላቸውም፤ ማሽኑ በየአቅጣጫው ስለሚዘነበል ተንሳፋፊ አይሆንላቸውም። በቦታው ሁለት ስስ የጎማ ሽፋኖች፣ ዲያፍራሞች፣ አሉ። አንደኛው ፓምፕ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ከሥሩ ባለው ክፍል ግፊትና መምጠጥ ይፈራረቃል፤ ይህ ትርታ በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ አልፎ ዲያፍራሙን ያርገበግበዋል፣ ዲያፍራሙም ቤንዚን ከታንክ ይስባል። ሁለተኛው የመለኪያው ዲያፍራም ነው። በአንድ ጎኑ ቤንዚን፣ በሌላ ጎኑ በትንሽ ቀዳዳ የሚገባ የውጭ አየር አለ። ሞተሩ ቤንዚን ሲመጥ ዲያፍራሙ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ትንሿን ማንሻ ይጫናል፣ ማንሻዋ መርፌዋን ታነሳለች፣ ቤንዚን ይገባል። ሲሞላ መርፌዋን ሞላዋ መልሳ ትዘጋታለች።

የመለኪያው ዲያፍራም እጅግ ስስ ነው። ሰባት ወር ደርቆ ከጠነከረ ማንሻዋን በሚገባት መጠን አይጫናትም፣ መርፌዋም በቂ አትከፈትም። ሞተሩ በቾክ ይነሳል፣ ቾኩ ሲከፈት ይጠፋል። ያንን የሰኔ ምልክት ጎንደር ውስጥ ማጨጃ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ቾኩ በአየር መግቢያው ላይ ያለውን መምጠጥ ስለሚያበዛ ደረቁን ጎማ በግድ ያንቀሳቅሰዋል፤ ሲከፈት ያ እርዳታ ይቀራል። ሙጫው ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚዘጋው የሚኒሞውን፣ ማለትም ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጡት በቀስታ የሚሠራበትን፣ ቀዳዳዎች ነው፤ በጣም ጠባቦቹ እነሱ ናቸውና።

መፍታት

ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ዘርጉ፤ የወደቀች ሞላ በአፈር ላይ አትገኝም። በየደረጃው በስልክ ፎቶ አንሱ። የአየር ፊልትሮውን ቤት፣ የነዳጅ መስጫውን ገመድ፣ ሁለቱን ቱቦ፣ ከዚያ ካርቡሬተሩን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፍቱ። ከሥሩ ያለውን ጓርኒሲዮን፣ የመጋጠሚያውን ማሸጊያ፣ ልብ በሉ፤ ከትልቁ ቀዳዳ አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ አለችው። የትርታው መንገድ እሷ ናት። ጓርኒሲዮኑ ተገልብጦ ከገባ ወይም ከወረቀት ተቆርጦ ያቺ ቀዳዳ ከተረሳች ፓምፑ አይሠራም፤ ካርቡሬተሩ አዲስ ቢሆንም ጠብታ ቤንዚን አይደርስም። ከተፈታ በኋላ «ጭራሽ ባሰበት» ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። በሞተር መጋዞች ላይ የሚበዛው እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የሚከፈት ሰሌዳ ያለው ነው፤ በአንድ ብሎን የተያዘው ክዳን የፓምፑ፣ በአራት ብሎን የተያዘው የመለኪያው ነው። በቻይና ማጨጃዎች ላይ የሚበዛው የሚዞር በርሜል ያለው ነው፤ በእሱ ጎማዋም፣ ዲያፍራሞቹም፣ ጓርኒሲዮኖቹም ከታች በአራት ብሎን ተይዘው እንደ እንጀራ ተደራርበዋል። በሁለቱም የመለኪያው ጓርኒሲዮን ወደ ካርቡሬተሩ አካል፣ ዲያፍራሙ ከእሱ ውጭ ነው። በቢራቢሮው ዓይነት የፓምፑ ቅደም ተከተል ተቃራኒ ነው፤ ዲያፍራሙ ከአካሉ ጋር፣ ጓርኒሲዮኑ ከክዳኑ ጋር። በበርሜሉ ፎቶዋችሁን እመኑ።

ዲያፍራሙን ወደ ጆሮ አስጠግታችሁ በቀስታ አንቀሳቅሱት። ጤነኛው ድምፅ የለውም። እንደ ወረቀት ከተንኮሻኮሸ አብቅቶለታል። የፓምፑ ዲያፍራም ላይ ያሉት ምላስ መሳይ ቁራጮች ጠፍ ብለው መተኛት አለባቸው፤ የተጠቀለለ ምላስ አይዘጋም። ከብስክሌት ከመነዳሪ ወይም ከሕክምና ጓንት ቆርጦ ለመተካት መሞከር ልፋት ብቻ ነው፤ ውፍረቱና የመሐሉ ብረት ካልተመጠነ መለኪያው መለኪያ አይሆንም። የዲያፍራምና የጓርኒሲዮን ስብስብ ለብቻው ይሸጣል። ካጣችሁት ግን ለ43ና ለ52 ሲሲው ሙሉ ካርቡሬተር ማግኘቱ ይቀላል፤ ያኔ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የብሎኖቹን ርቀት፣ የትርታዋን ቀዳዳና የገመዱን መያዣ አስተያዩ።

ከፓምፑ ዲያፍራም ሥር የጥፍር ግማሽ የምታህል የሽቦ ወንፊት አለች። ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋል። ታንኩ ውስጥ ያለችው ፊልትሮ ያመለጣት ነገር ሁሉ እዚህ ይጠራቀማል። በመርፌ ጫፍ አውጥታችሁ እጠቧት።

ማስተካከያ ብሎኖች ካሉ ከማውጣታችሁ በፊት በቀስታ ወደ ውስጥ እያዞራችሁ እስኪነካ ስንት ዙር እንደሆነ ቁጠሩና ጻፉ። አታጥብቁ፤ ጫፋቸው ሾጣጣ ስለሆነ የሚቀመጡበትን ያበላሻሉ። ከዚያ ጎማና ፕላስቲክ የሆነውን ሁሉ ለይታችሁ የብረቱን አካል በካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ እጠቡት። ስፕሬዩ ከሌለ ቲነር ውስጥ ግማሽ ሰዓት መንከር ሙጫውን ይለቀዋል፤ የበርሜሉ ዓይነት የፕላስቲክ ክፍሎች ስላሉት ቲነር ሲነካው ይበላሻል፣ እሱን በስፕሬይ ብቻ። መነጽር አድርጉ፤ በአንዱ ቀዳዳ የገባው በሌላው በቀጥታ ወደ ዓይን ነው የሚወጣው። ስፕሬዩ በአንዱ ገብቶ በሌላው በእኩል ጅረት ካልወጣ አልጸዳም።

ቀዳዳዎቹን በሽቦ አትውጉ። ቀዳዳው በዓይን በማይታይ መጠን ቢሰፋ ማሽኑ ዕድሜ ልኩን ያጨሳል። የሚሻለው አየር ነው። ጎሚስታ ዘንድ ኮምፕሬሰር አለ፤ ዲያፍራሞቹና መርፌዋ ከወጡ በኋላ የብረቱን አካል ብቻ ይዛችሁ ሂዱና ከ2 ባር በማይበልጥ ግፊት ይንፉላችሁ። በአየር መተላለፊያው መሐል ባለው ዋና አፍንጫ ላይ ግን አታነጣጥሩ፤ በብዙዎቹ ውስጥ ስስ የመመለሻ መዝጊያ አለ፣ በግፊት ይወልቃል።

መርፌዋና ማንሻዋ

መርፌዋ በጥፍር ስትዳሰስ ጫፏ ላይ ቀለበት መሳይ መስመር ከተሰማ ለውጧት። መልሳችሁ ስትገጥሙ ማንሻዋ በዲያፍራሙ መሐል ካለው ጉጥ ጋር የምትገናኝበትን መንገድ ልብ በሉ፤ በአንዳንዱ ጉጡ ማንሻዋ ሹካ ውስጥ ይገባል፣ በሌላው ይነካል ብቻ። የማንሻዋ ከፍታ በካርቡሬተሩ ዓይነት ይለያያል። በብዙዎቹ የዛማ ካርቡሬተሮች ከጉድጓዱ ወለል ጋር እኩል ትሆናለች፤ በዋልብሮ ደብልዩ-ቲ ተከታታይ ከላይኛው ጠርዝ 1.65 ሚሊ ሜትር ዝቅ ትላለች። ከመጠን በላይ ከፍ ካለች ቤንዚን ይበዛል፣ ሞተሩም ይታፈናል፤ ዝቅ ካለች ይጠማል። ከመፍታታችሁ በፊት የነበረችበትን ፎቶ ካነሳችሁ ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም።

መርፌዋ መዝጋቷን ለማረጋገጥ ጥሩ መሣሪያ የደም ግፊት መለኪያ ነው፤ ባለ መርፌው ዓይነት። ቱቦውን ከቤንዚን መግቢያው ጋር አገናኙና ጎማውን እየጨመቃችሁ ወደ 300 አድርሱት፤ ያ 0.4 ባር ገደማ ነው። ጤነኛ መርፌ ከዚህ በላይ ግፊት ሳይደርስባት መከፈት የለባትም፣ ስለዚህ ቁጥሩ ለአንድ ደቂቃ ቆሞ መቅረት አለበት። ከወረደ ታፍኖ አልነሳ የሚለው ማሽን ምክንያቱ ይኸው ነው። አካሉን ውሃ ውስጥ ብትነክሩት አረፋው ከየት እንደሚወጣ ይታያል።

የጎንደር አየር

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ከምናምን ነው፣ ክብደቱም አንድ አምስተኛ ያነሰ። ካርቡሬተሩ ይህን አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ፋብሪካው ለቆላ ያስተካከለው ማሽን እዚህ ሲመጣ ከሚገባው አንድ አሥረኛ ያህል የበዛ ቤንዚን ይጠጣል። ለዚህ ነው ከካርቶን የወጣ አዲስ ማሽን እዚህ ጭስ የሚያበዛውና ነዳጅ ሲሰጡት የሚንተባተበው። ጉድለት የለበትም፤ አገሩን አልለመደም።

ጉልበቱም ይቀንሳል፣ ይህን ደግሞ ማንም ካቻቢቴ አይመልሰውም። 52 ሲሲው እዚህ የሚሠራው እንደ 42 ሲሲ ነው። የጠፋውን ጉልበት ፍለጋ ቤንዚኑን እየቀነሱ መሄድ መጨረሻው የተነከሰ ፒስተን ነው።

ማስተካከያው ሞተሩ ሞቆ፣ የአየር ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ፣ ምላጩ ተገጥሞ ይሁን፤ ሰውና ከብት በ15 ሜትር ውስጥ አይኑር። በቢራቢሮው ዓይነት ኤል የሚል ፊደል ያለው ብሎን የሚኒሞ፣ ኤች የሚለው የሙሉ ነዳጅ ነው። ሁለቱንም በቀስታ ዘግታችሁ አንድ ከሩብ ዙር ክፈቱና አስነሱ። በኤል ጀምሩ። ሚኒሞው ከሁሉ ፈጥኖ የሚዞርበትን ቦታ ፈልጉ፣ ከዚያ የዙር አንድ ስምንተኛ ወደ መክፈት መልሱት። ነዳጅ ድንገት ሲሰጡት ሳያቅማማ መነሳት አለበት፤ ካቅማማ ጥቂት ጨምሩ። የሚኒሞውን ፍጥነት በሚወስነው በሌላው ብሎን ደግሞ ምላጩ ፈጽሞ እስኪቆም ዝቅ አድርጉት። በሚኒሞ የሚዞር ምላጭ እግር ይቆርጣል።

ኤች በጆሮ ነው የሚስተካከለው። ሳር ሳይነካ በሙሉ ነዳጅ ሲሮጥ ድምፁ ትንሽ ሻካራና የሚንተባተብ መሆን አለበት፤ ሳሩ ውስጥ ሲገባ ይጠራል። ያለ ሥራ ጥርት ብሎ እንደ ንብ የሚያፏጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ወዲያው አንድ ስምንተኛ ዙር ክፈቱ። ሳሩ ውስጥም እየተንተባተበ ከቀጠለ በአንድ ስምንተኛ እየቀነሳችሁ ሞክሩ። በበርሜሉ ዓይነት ኤችና ኤል የሉም። ቤንዚኑን የሚመጥነው በበርሜሉ መሐል፣ ብዙ ጊዜ በክዳን የተሸፈነ አንድ መርፌ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ይቀንሳል፣ ወደ ግራ ይጨምራል። በአንድ ስምንተኛ ዙር እንኳ ይሰማዋል። ኤም-ትሮኒክ ወይም ኦቶቱን የተጻፈባቸው ማሽኖች ከፍታውን ራሳቸው ስለሚያውቁት ብሎን አትፈልጉባቸው።

ጎንደር ላይ የተስተካከለ የሞተር መጋዝ ወደ መተማ ከወረደ ግን ተጠንቀቁ። እዚያ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፣ አየሩ ይከብዳል፤ እዚህ ልክ የነበረው ቤንዚን እዚያ ያንሳል፣ ሙቀቱም አለ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኤችን ሩብ ዙር ክፈቱና በጆሮ እንደገና አስተካክሉ። ወደ ደባርቅ የሚወጣው በተቃራኒው ያጨሳል እንጂ አይቃጠልም፤ ቸኮል ማለት የሚያስፈልገው ለሚወርደው ነው።

ከጸዳ በኋላም አልስተካከል ያለ

ሚኒሞው አንዴ የሚጮህ አንዴ የሚሞት፣ የፍጥነቱ ብሎን ሙሉ በሙሉ ቢላላም የማይወርድ ከሆነ ካርቡሬተሩን ተዉት፤ አየር ከሌላ ቦታ እየገባ ነው። በካርቡሬተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ጥቁር የፕላስቲክ ድልድል ብሎኖቹ ከመጠን በላይ ሲጠብቁ ይሰነጠቃል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በስሪንጅ ጥቂት ጠብታ ውሃ መጋጠሚያው ላይ ጣሉ፤ ድምፁ ከተለወጠ አየሩ የሚገባው በዚያ ነው። በቤንዚን የሚሞክሩ አሉ፤ የጋለ ማርሚታ አጠገብ ነው፣ አታድርጉት። መጋጠሚያዎቹ ደህና ከሆኑ የክራንኩ ፓራኦሊ፣ ማሸጊያ ጎማው፣ ይቀራል፣ ያ የጋራዥ ሥራ ነው።

ቀዝቃዛው የሚነሳ፣ ሲሞቅ ጠፍቶ እስኪቀዘቅዝ እንቢ የሚል ማሽን ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከማግኔቶው ጥቅል ነው። እንደጠፋ ወዲያው ብልጭታውን እዩ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ማየት ምንም አይነግራችሁም።

የስፖንጅ የአየር ፊልትሮ በበጋው አቧራ በየአምስትና በየአሥር ሰዓት ሥራ ይታጠብ። በሳሙናና በሞቀ ውሃ አጥባችሁ፣ በጥላ አድርቃችሁ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት አንጠባጥባችሁበት አጥብቃችሁ ጭመቁት። ደረቅ ስፖንጅ አቧራ ያሳልፋል፤ ዘይት የሚንጠባጠብበት ደግሞ አየር ይከለክላል።

በኅዳር ማስቀመጥ

ድርቆሹ ሲያልቅ ታንኩን አፍስሱ። የምትጫነዋን ጎማ ቤንዚን መምጣቱ እስኪያበቃ ጫኑ፣ አስነሱና በሚኒሞ ራሱ እስኪጠፋ ተዉት። በቾክ አንድ ጊዜ ደግማችሁ አስነሱት፣ የቀረችውን ጠብታ ይጨርሳታል። ካንዴላውን ፍቱ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የሁለት ምት ዘይት ጨምሩ፣ ገመዱን በቀስታ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡና ካንዴላውን መልሱ። ዲያፍራሙ ደርቆ ከሚከርም በቤንዚን ርሶ ይክረም የሚሉ አሉ፤ የደረቀ ዲያፍራም ይለወጣል፣ በሙጫ የተዘጋ የሚኒሞ ቀዳዳ ግን አንዳንዴ ካርቡሬተሩን ይዞ ይሄዳል። በመሐሉ የምታስነሱት ከሆነ፣ ለምሳሌ ለጥምቀት ግቢ የምታጸዱበት፣ ታንኩን ባዶ አድርጋችሁ ለዚያ ቀን የሚበቃ አዲስ ቅይጥ ብቻ ደባልቁ።

ቅይጥ ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ አታቆዩ። በጄሪካኑ ላይ የተደባለቀበትን ቀንና 25 ለ 1 ይሁን 50 ለ 1 በማርከር ጻፉበት። በማሽኑ ቤት ውስጠኛ ጎን ደግሞ ጎንደር ላይ የተስማማውን የብሎኖች ዙር ጻፉ፤ በሰኔ የሚፈታው ሰው እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ።